ቀይዋ ብርድ ልብስ

በብርዳማው የሳስካችዋን ግዛት አንዲት ትንሽ መንደር፣ የበረዶ ሆኪው ጀግና የኦረስት ባራን አድናቂዎች በየዓመቱ ከመንደሩ የሆኪ ሜዳ በላይ ባለችው ክፍል ተሰብስበው የአንድ ዝነኛ ጨዋታውን የድሮ ፊልም ያያሉ። ዘንድሮ የመጡት ቬርናና ፊልሙን የሚያጫውተው ላይል ብቻ ናቸው። ሌሎቹን ሞት አንድ በአንድ ለቅሟቸዋል። የቬርና ባል ዋሲልም በመጋቢት ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቬርና ቤቷ ውስጥ የምትጣላው ከሬዲዮዋ ጋር ነው።

ቀይ ብርድ ልብሷን ከጎኗ ባለው ወንበር ላይ አነጠፈች። እዚያ አገር ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ወንበር ተይዟል ማለት ነው፤ ማንም አይነካውም።

«አንቺ፣ ደግሞ ለማን ነው ቦታ የያዝሽው?» አላት ላይል።

«ያንተን አፍ ለሚዘጋልኝ!»

ፊልሙ ጀመረ። ኦረስት በበረዶው ላይ ተንሸራትቶ ጎል አገባ። ቬርና ሳቋ መጣ። ዋሲል ያን ቀን ላም ሲያዋልድ ጨዋታው አምልጦት፣ ዕድሜ ልኩን ሲያልጎመጉም ኖሯል።

ካሜራው ወደ ተመልካቹ ዞረ። ከፊት ረድፍ ዋሲል ተቀምጧል። ጎረምሳው ዋሲል አይደለም፤ በመጋቢት የቀበረችው ሽማግሌ ነው።

«እሱ... ላም ሲያዋልድ አልነበር እንዴ?» አለ ላይል፣ ድምፁ ቀጥኖ።

ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ከዋሲል አጠገብ ባለው ባዶ ወንበር ላይ የተነጠፈው ብርድ ልብስ ግን ቀይ ነው።

ቬርና እጇን ወደ ጎኗ ሰደደች። የዳሰሰችው የወንበሩን ቀዝቃዛ እንጨት ብቻ ነበር።

ዋሲል ቀና ብሎ አያት። ከዚያ ብርድ ልብሱን ከባዶው ወንበር ላይ አነሳላት።