ዝም ብለሽ ቁሚ

"ዝም ብለሽ ቁሚ አልኩሽ እኮ!" አለ ድምጽ ቀራጩ ዱዌይን ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ። ድምጹ በማዳመጫው ጆሮዋ ውስጥ ሲጮህ ሬኔ ደነገጠች። "የምሰማው የጫማሽን ኳኳታ ነው እንጂ ዘፈንሽን አይደለም።"

ጫማዋን አውልቃ ወደ ጥግ ወረወረችው። እጇን ከጭኗ ጋር አጣብቃ ዘፈነች። ድምጿ እንደ ቀዘቀዘ ሾርባ ነበር፤ ለራሷም ታወቃት።

"በቃ፣ በቃ" አለ ዱዌይን።

የሙዚቃ ኩባንያው ይህን አንድ ዘፈን እንድትሞክር የፈቀደላት በስንት ልመና ነው። ዛሬ ካልሆነላት ዘፈኑ ለሌላ ልጅ ይሰጣል። ልጅቷም ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ማስቲካዋን እያኘከች ትጠብቃለች።

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሬኔ ዛራጎዛን የማያውቅ ዘፋኝ የለም። በቅርጫት ኳስ ሜዳ ዳር እየጨፈረችና እየጮኸች ሕዝቡን ከወንበሩ ታስነሳ የነበረች ልጅ ናት። አንድ ዘፋኝ ከተመልካች መሃል አይቷት "ይሄን ለእኔም አሳዪኝ" አላት፤ ከዚያ ወዲህ በቴሌቪዥን ከሚታየው ዳንስ ስንቱ ከእሷ እግር የወጣ ነው። እሷ ግን ሁልጊዜ ከካሜራው ጀርባ ናት። ዛሬም ከምሳ በኋላ የምታሰለጥነው ሰው አለ።

"ዱዌይን፣ ካልተንቀሳቀስኩ ትንፋሹ አይመጣልኝም። አንዴ በራሴ መንገድ ልሞክረው፣ በሞቴ!"

"ደግሞ ጀመርሽ! እሺ፣ እንዳሻሽ። ከዚህ በኋላ ግን ሌላ ዕድል የለሽም።"

ሙዚቃው ተለቀቀ። በባዶ እግሯ ወለሉ ላይ ተሽከረከረች፤ ትከሻዋንና ወገቧን ለቀቀችው። ያኔ ድምጿ ራሱ ተከትሏት ወጣ፤ ሜዳ ዳር በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሃል ይሰማ የነበረው ጉሮሮዋ ተከፈተ። ዘፈኑ ሲያልቅ ላቧ ከአገጯ ይንጠባጠብ ነበር።

ዱዌይን ከወንበሩ ተነስቶ አፉን ከፍቶ ቀርቷል።

"እንዴት ነው?"

"ጉድ ነሽ! እንዲህ ያለ ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም!"

"አሰማኛ።"

ወደ ማሽኑ ዞረ። ማጅራቱን አከከ።

"ሬኔ... መቅጃውን አልተጫንኩትም። ስትጨፍሪ እያየሁሽ ረሳሁት።"

ሳቅ ጀመረችና አቋረጠችው። እሱም አየኝ እንጂ አልሰማኝም፣ አለች በልቧ። ማዳመጫውን አወለቀችና ወደ በሩ አመራች።

"ኧረ ቆይ! እህቴ፣ እንዳትሄጂብኝ!" አለ ዱዌይን በግድግዳው ድምጽ ማጉያ።

ሬኔ ግን አልወጣችም። እጇን ግድግዳው ላይ ሰደደችና መብራቱን አጠፋችው።

"የአንተንም አጥፋ።"

"ምን?"

"አጥፋው አልኩህ። መቅጃውን ግን እንዳትረሳ።"

መስታወቱ ጠቆረ፤ ዱዌይንም ከዓይኗ ተሰወረ። በዳበሳ ተመልሳ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ ደፋች። ከበሮው ጀመረ። ከማይክሮፎኑ በላይ መቅጃው መከፈቱን የምታሳይ አንዲት ቀይ መብራት ቦግ አለች፤ የገዛ እግሯ እንኳ በማይታያት ጨለማ ውስጥ ሬኔ ትከሻዋን ነቅንቃ አፏን ከፈተች።