ሁለተኛው ፊርማ

ሐኪሟ ናሙና በተለጠፈበት የመስታወት ስላይድ ጫፍ ላይ ያለውን የታካሚ ስም በፕላስተር ሸፍና ለመምህሯ አቀበለቻቸው። ካንሰር የሚል ውጤት ሁለት ሐኪም ሳይፈርምበት አይወጣም፤ ሁለተኛው ፈራሚም የማን ናሙና እንደሆነ ማወቅ የለበትም። በሆስፒታሉ ደግሞ ከእሳቸው ሌላ የሚያይ አልነበረም። በልቧ "ተሳስተሻል ይበሉኝ" እያለች ለመነች።

ሽማግሌው ማይክሮስኮፑ ላይ አጎነበሱ። "የላብ ዕጢ እብጠት ነው" አሉ፣ ክፍል ውስጥ እንደሚያስተምሩ ሁሉ። "እዚህ ጋ ሲያዩት ጨዋ ነው፤ ጠርዙ ለስላሳ፣ ሴሎቹ አንድ ዓይነት። እዚህ ጋ ደግሞ መልካቸው ተለዋወጠ፤ ያጠራጥራል እንጂ ካንሰር ነው አያሰኝም።" እሳቸው ስላይዱን ገፋ አደረጉት። "ውይ! ታች ወርዶ ነርቩን ከቦታል። ይሄስ የለየለት ካንሰር ነው። የላብ ዕጢም እንዲህ ይባልጋል!" ሳቅ ብለው እንደ ልማዳቸው ቦታውን በቀለም ነጥብ ምልክት አደረጉበት።

እሷ አልሳቀችም። "ጋሼ፣ እስቲ እንደገና ይዩልኝ" አለች። ቀና ብለው ፊቷን አዩ። ዓመት ሙሉ "ተራ ነገር ነው" እያሉ ሲያሾፉባት ከርመው፣ ከጆሯቸው ጀርባ የነበረውን እብጠት ያስወጡት ባለፈው ሳምንት በእሷ ጭቅጭቅ ነበር። ቀለም የነካው ጣታቸው ቀስ ብሎ ወደዚያ ሄደ፤ በነጩ ፋሻ ላይ የቀለም ነጥብ ቀረ። ፕላስተሩን ልትልጠው ስትል እጇን ያዟት። "ተይው፣ ልጄ። ስሙን ካየሁማ መፈረም አልችልም" አሉና ከእሷ ፊርማ ሥር ፈረሙ።