የእጅጉ አውሮፕላን

መጋቢት 12 ቀን 1930 ዓ.ም.፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አንድ የጣሊያን አውሮፕላን ከገበዝ ማርያም በታች ባለው የግጦሽ ሜዳ ላይ ወደቀ። ከውስጡ የተነሳው ሰው በአንዲት ጥይት ተገደለ። የተኮሰው እጅጉ ነበር።

እጅጉ ያየውን ለጠየቀው ሁሉ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይናገር ነበር። ከአፋፉ ላይ ሆኖ ጭሱ እስኪሳሳ ጠበቀ፤ እስከዚያ ማን እንደወጣ ማን እንደገባ አይታይም ነበር። የቆዳ ቆብና የቆዳ ካፖርት የለበሰ ሰው ከመቀመጫው ብድግ አለ። መትረየሱን በሁለት እጁ ከራሱ በላይ አንስቶ የሆነ ነገር ጮኸ። ነፋሱ ወደ ወዲያ ይነፍስ ስለነበር ቃሉ አልተሰማም። እጅጉ አነጣጥሮ ተኮሰ። ሰውዬው ተንሸራቶ ክንፉ ስር ወደቀ።

ወዲያው ሌሎች ሁለት አውሮፕላኖች መጥተው ሜዳውን ይዞሩት ጀመር። ሰዉ ከብቱን እየነዳ ጫካ ገባ፤ ሦስት ቀንም አልወጣም። ሲመለስ ጥንብ አንሳና ጅብ ቀድመውት ነበር። ፊት የለም፣ እጅ የለም፣ ከጉልበት በታች የለም። ቆቡና ካፖርቱ ግን ነበሩ።

የደብሩ ገበዝ ቄስ ክንፈሚካኤል አፍንጫቸውን በነጠላቸው ይዘው ቆሙ።

“አይታጠብም፤ አይገነዝም” አሉ። “የኛ ሰው እጁን አያርክስበት። ከወደቀበት ይቀበር።”

ወገቡን በመጫኛ አስረው ከነካፖርቱ ጉድጓድ ውስጥ ጎተቱት። ፍትሐትም አልተደረገለትም።

የእጅጉ ታናሽ ወንድም ቢሆነኝ ጫካ ከገቡት ጋር አልነበረም። ከአንድ ሳምንት በፊት ወንድማማቾቹ ተጣልተው ነበር። ቢሆነኝ ከአርበኞቹ ጋር ልውጣ ቢል፣ እጅጉ ሰው ፊት ስቆበታል።

“በምንህ ልትዋጋ? በዱላ? ሂድና መሣሪያ ማርከህ አምጣ፤ ያኔ ወንድሜ እልሃለሁ።”

ቢሆነኝ በዚያው ቀን ከቤት ወጣ። በወሩ እንዳለው የተባለው ጎረቤታቸው ከፍኖተ ሰላም ገበያ ሲመለስ ወሬ ይዞ መጣ። ቢሆነኝን የባንዳ ልብስ ለብሶ ከጣሊያኖቹ ምሽግ በር ላይ አይቶታል።

“ፊቱን አየኸው?” አሉ እናቱ ወለተ ኢየሱስ።

“ጀርባውን ነው ያየሁት፣ እማሆይ። አካሄዱ ግን የሱ ነው።”

ከዚያ በኋላ በማኅበር ቀን ከእጅጉ አጠገብ የሚቀመጥ ጠፋ። ጠላ ሲቀዳ ዋንጫው ወደ እሱ ሲደርስ ወሬው ይቆማል። ወለተ ኢየሱስ ግን ልጃቸውን ለማልቀስ ፈለጉ።

“ሞቶ እንደሆነስ? ተዝካሩን ላውጣለት።”

“ባንዳ አይሞትም፣ እናቴ” አላቸው እጅጉ። “ደመወዝ ይበላል።”

እጅጉ ለቤቱ ስም የቀረው ያ አውሮፕላን ብቻ ነበር። መንግሥት ሲመለስ እንደ ወደቀ ሳይሆን እንደ በረረ ሆኖ ሊያስረክበው ቆረጠ። ከሰማይ እንዳይታይ ዳስ ሠራለትና ጣራውን በገለባ ሸፈነው። የተቀደደውን ክንፍ በአቡጀዲ ጠቀመ፤ ስፌቱን በሰም መታው። ዝገት እንዳይበላው ብረቱን በየሳምንቱ በኑግ ዘይት አሸው።

“አያ እጅጉ” ይለዋል እንዳለው በዚያ ባለፈ ቁጥር፣ “በሬህ ከሳ፤ አውሮፕላንህ ወፈረ።”

“አንተ ደግሞ ምላስህ ወፈረ።”

በመጀመሪያው በጋ ማብቂያ ላይ ማንኳኳቱ ተጀመረ። ፀሐይ ስትጠልቅ ከአውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ ሦስት፣ አራት ጊዜ ኳ፣ ኳ ይላል። እረኞቹ ሜዳውን ሸሹት። ሴቶቹ የውሃ መንገዳቸውን ቀየሩ። ሰዉ ተሰብስቦ ይቃጠልልን አለ።

“ብረት ነው” አለ እጅጉ። “ቀን ይሞቃል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ይንኳኳል። የሚያቃጥል ካለ እኔን ገድሎ ያቃጥል።”

እውነቱን ነበር። ግን በነሐሴ ፀሐይ ሳትወጣ ዘጠኝ ቀን አለፈ፤ ማንኳኳቱም ዘጠኙንም ቀን አልቀረም። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ወለተ ኢየሱስ ብቻ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ዳሱ ስር ይቀመጡ ነበር።

“አይፈሩም?” አላቸው አንድ ቀን።

“ምኑን እፈራለሁ? የሱም እናት በአገሯ በር በሩን ታያለች።”

እጅጉ ዘይቱን አንስቶ ማሸቱን ቀጠለ።

ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ፍኖተ ሰላምን ለቆ ወጣ። እጅጉ በዚያ ሳምንት ወደ ከተማው ወርዶ ስለ ወንድሙ ጠየቀ። ከተማረኩት ባንዶች መካከል ቢሆነኝን የሚያውቅ አልተገኘም። ሸሽቷል ብሎ ተመለሰ።

በግንቦት አንድ የመንግሥት ሹም ከጸሐፊና ከሃያ ሸክመኞች ጋር መጣ። አውሮፕላኑ ፍኖተ ሰላም ተወስዶ ለሕዝብ ሊታይ ነው። ሹሙ ክንፉን በጣቱ እየዳበሰ ዞረው።

“ይህን ያህል የጠበቀው ማነው?”

“እኔ ነኝ፣ ጌታዬ።”

“ምን ይደረግልህ?”

“ስሜ ይጻፍልኝ። ቤታችን በሌላ ነገር ነው የሚነሳው።”

ጸሐፊው ብዕሩን ነክሮ ጻፈ፤ ሰዉ እንዲሰማም ጮክ ብሎ አነበበው። “ሰውየውን የገደለው እጅጉ ነው።” እንዳለው ሳይቀር አጨበጨበ። እጅጉ ከሦስት ዓመት ወዲህ ሰው ፊት ሲስቅ ያን ቀን ታየ።

ሹሙ የጣሊያን ሙታን አጽም አንድ ቦታ እንዲሰበሰብ ታዟልና ጉድጓዱ ይከፈት አለ። እጅጉ ራሱ ቆፈረ። ወለተ ኢየሱስ ለራሳቸው መገነዣ ያስቀመጡትን ሸማ ይዘው መጡ።

“አባቴ፣ አሁንስ ይገነዝ” አሉ ቄሱን። “ሰው ነው።”

ቄስ ክንፈሚካኤል ትንሽ አሰቡና እሺ አሉ። ተንበርክከው የካፖርቱን ቁልፎች ከታች ወደ ላይ አንድ በአንድ ፈቱ።

አንገቱ ላይ ማተብ ነበር፤ ቋጠሮውን ወለተ ኢየሱስ አወቁት።