ዘጠነኛው ፊት

«ይህን ደግሞ ማን አድርግ አለህ?» አሉ የአውራጃው ትምህርት ሹም አቶ ወልደኢየሱስ፣ ጣታቸው እርጥቡን ቀለም ሊነካ ትንሽ ሲቀረው። «ፊት ለፊት የሚያየው፣ የሚያነበው ብቻ ነው አላልኩህም?»

አላምረው ብሩሹን እንደያዘ ሰሌዳውን ቀና ብሎ አየው። ከላይ አንድ ሰው መጽሐፍ ይዞ ፊት ለፊት ይመለከታል። ከሱ በታች ዘጠኝ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ የስምንቱ አፍንጫ ጥግ ላይ ወደተሣለው ትምህርት ቤት ዞሯል። ከአውራጃው ሕዝብ ከአሥር አንዱ ማንበብ ይችላል፣ ዘጠኙ አይችልም ማለት ነው። ከአዲስ አበባ የተላከው ናሙና ዘጠኙንም በጎን ያሳያል። ስምንቱን እንደ ናሙናው ሠራ። ዘጠነኛው ላይ ግን እጁ እምቢ አለውና ፊቱን አዙሮ ሁለት ዓይን አደረገለት።

«ጌታዬ፣ በጎን ከሣልኩት አንድ ዓይን ብቻ ነው የሚኖረው።»

«እና? በጎን የቆመ ሰው ስንት ዓይን ሊኖረው ነበር?»

አላምረው ሥዕል የተማረው ከአባቱ ነው፤ የተማረውም የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ነው። እዚያ ጻድቅ ሁለት ዓይን አለው። በጎን፣ በአንድ ዓይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፤ ጌታን የሚገርፉት ናቸው፤ ዲያብሎስ ነው። ፊደል ያልቆጠረ ምእመን ወደ ግድግዳው ቀና ሲል ጻድቁን ከኃጥኡ የሚለየው በዚሁ ነው። አሁን ያ ምእመን እዚህ አዳራሽ ገብቶ ራሱን ከይሁዳ ወገን ተሰልፎ ሊያገኘው ነው።

ይህንኑ ትናንትም ለአቶ ወልደኢየሱስ ተናግሯል። «ተወው፣ የድሮ ነገር ነው» ብለው ሳቁበት። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። አገሩ ሁሉ እንዲያነብ ከልባቸው የሚመኙ ሰው ናቸው፤ የቸኮሉ መሆናቸው ነው ጣጣው። ከአዲስ አበባ የሚመጡት ትልቁ እንግዳ እዚሁ ጎንደር መግቢያ፣ አዘዞ ደርሰዋል ተብሏል። ሥራው ሳያልቅ ሠዓሊው እንዳይወጣ በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል። እምቢ ቢል የት እንደሚያሳድሩትም ነግረውታል።

እሱ ግን ከእስሩ ይልቅ የፈራው አያ ውድነህን ነበር። አያ ውድነህ ጭልጋ፣ አላምረው በተወለደበት አገር፣ አዲሱን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩ ሽማግሌ ናቸው። ጣሪያው አልቋል፤ ግድግዳው ግን ነጭ እንደሆነ ሠዓሊ ይጠብቃል። ሊሥሉት ቃል ገብተው የነበሩት አባቱ ነበሩ፤ ሳይደርሱበት ሞቱ። ያን ግድግዳ ካልሣለ አላምረው ራሱን የአባቱ ልጅ ብሎ ሊጠራ አይደፍርም። አያ ውድነህ ደግሞ ሊወስዱት ዛሬ ጎንደር ይገባሉ፤ ይህን ሥዕል ቢያዩ ግድግዳውን አይሰጡትም።

በሩ ተከፈተ። ዘበኛው «የሠዓሊው ዘመድ ነኝ ይላሉ» አለና አንድ ነጭ ጢም ያላቸው ሽማግሌ አስገባ።

«አላምረው! ምነው ዘገየህ? በቅሎዎቹን ፒያሳ አስሬ...» አያ ውድነህ ነገራቸውን አልጨረሱትም። ዓይናቸው ሰሌዳው ላይ ቀረ። «ምነው እነዚህ አንድ ዓይን ሆኑ?»

አላምረው ሰሌዳውን በትከሻው ሊከልል ሞከረ። አቶ ወልደኢየሱስ ግን ጠያቂ በማግኘታቸው ፊታቸው በራ።

«ይምጡ አባቴ፣ ቀረብ ብለው ይዩት። እነዚህ ማንበብ የማይችሉት ናቸው። አንዱ ሥዕል ለስንት ሺህ ሰው ነው የቆመ!»

«ክርስቲያኖች ናቸው?»

«የኛው ሰዎች ናቸው እንጂ። የጭልጋም አለ፣ የማክሰኝትም አለ።»

«እኔም አላነብ።»

«እንግዲያው እርስዎም አሉበት!» አሉ አቶ ወልደኢየሱስ ደስ ብሏቸው።

ሽማግሌው ስምንቱን ፊት አንድ በአንድ አዩ፤ ከመካከላቸው የሚያውቁትን የሚፈልጉ ይመስሉ ነበር። ከዚያ ወደ አላምረው ዞሩ።

«የሣልካቸው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ አያ ውድነህ። ታዝዤ ነው።»

«አባትህም ሲታዘዝ ነው የኖረ። የተጠመቀን ሰው እንዲህ አድርጎ ግን አልሣለም።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ላንተ ያመጣኋትን በቅሎ ባዶዋን እመልሳታለሁ።»

አልተቆጡም። ቢቆጡ፣ ቢሰድቡት በወደደ። ለመውጣት ሲራመዱ ዘበኛው በሩን ከውጭ ገፍቶ ዘጋው።

«እንግዳው መጥተዋል! እሳቸው እስኪገቡ ማንም አይወጣም!»

ከደጅ የማኪና ጥሩንባ ተሰማ። አያ ውድነህ የተዘጋውን በር ትንሽ አዩና መስኮቱ ዘንድ ሄደው ቆሙ። ወደ ሰሌዳውም፣ ወደ አላምረውም ላለማየት ፊታቸውን ወደ ደጁ አዞሩ።

«ቶሎ በል እንጂ አንተ ሰው! አጥፋና በጎን ሣለው!» አሉ አቶ ወልደኢየሱስ ኮታቸውን እየቆለፉ።

አላምረው የዘጠነኛውን ሰው ፊት በነጭ ቀለም ሸፈነው። ሁለቱ ዓይኖች ጠፉ። ብሩሹን ጥሎ እምቢ ማለት አማረው፤ የጭልጋው ግድግዳ እንደሆነ ከእጁ ወጥቷል፣ ምን ቀረውና ይፈራል! ነገር ግን ፈራ። ከደጅ ጭብጨባ ተነሣ፤ እግሮች ደረጃውን ሲወጡ ይሰማሉ። የሚሥለው ፊት ጠፋበትና ዞር ብሎ ፈለገ።

አያ ውድነህ መስኮቱ ዘንድ እንደቆሙ ናቸው። ፊታቸውን አላዞሩለትም። ጢማቸው ላይ ብርሃን አርፏል። ከቆመበት ሆኖ አንዷን ዓይናቸውን ብቻ ያያል፤ እሷም እንባ አቅርራለች።

ብሩሹን ጥቁሩ ቀለም ውስጥ ነከረና ያችኑ አንዷን ሣላት።