ድምፄን እንደ ድሮው

ዘፋኙ የሮክ ባንዱን ጥሎ ሲወጣ «ድምፁ እኔ ነኝ፤ እነሱ አጃቢ ናቸው» ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያወጣቸው አልበሞች ሁሉ አድማጭ አጡ። እሱ እንደሚለው ጥፋቱ አንዴ የስቱዲዮው፣ አንዴ የማይኩ ነው።

ሲጨንቀው የባንዱ የድምፅ ባለሙያ የነበሩትን የጋሽ ወርዶፋን ደጅ ጠና።

«ጋሼ፣ ለዛሬው ኮንሰርት ድምፄን እንደ ድሮው ያድርጉልኝ።»

«እንደ ድሮው? እርግጠኛ ነህ?»

«በእናትዎ!»

ኮንሰርቱ ተጀመረ። ዘፋኙ ዓይኑን ጨፍኖ፣ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ጮኸ። ከስፒከሩ ግን ጊታር ብቻ ተሰማ። ማይኩን መታ መታ አደረገና ከመድረክ ወርዶ ወደ ጋሽ ወርዶፋ ሮጠ።

«ጋሼ፣ ማይኬ ጠፍቷል እኮ!»

«እንደ ድሮው አላልከኝም? እኔማ አጥፍቼልሃለሁ» አሉት፣ ወደ መድረኩ እያንጋጠጡ። «ግን ያ ከኋላ ሆኖ ይዘፍንልህ የነበረው ድራመር የታለ?»