አጥሮ የቀረው ሳጥን

«ትርፍ ጣውላ የለኝም፣ እህቴ» አላት የሬሳ ሳጥን ሠሪው፣ መላጊያውን ሳያስቀምጥ። የትምህርት ቤቱ ላይብረሪ ኃላፊ ግን ንቅንቅ አላለችም። የመጻሕፍት መደርደሪያ ብትጠይቅ ዳይሬክተሩ «በጀት የለም» ብሏታል፤ ባለሱቆቹም እንደ ለማኝ «እግዜር ይስጥሽ» ብለው ሸኝተዋታል። የቀራት እሱ ብቻ ነበር።

«ያ ጥግ ያለውስ?»

«እሱማ ልኬቱን ተሳስቼ አጥሮብኝ የቀረ ነው። የሚወስደው ጠፋ።»

ክዳኑን አንስታ ሳጥኑን ከነአቧራው አቀፈችና እያቃሰተች አቆመችው። ከቦርሳዋ ወፍራሙን መዝገበ ቃላት አውጥታ ውስጡ ስታቆመው በጥልቀቱ ልክክ አለ።

«ኧረ በፈጠረሽ! ልጆቹ የሬሳ ሳጥን ነው ብለው ቢሸሹስ?»

«የሬሳ የሚሆነው ሲጋደም ነው» አለች እያለከለከች። «ይኸው ቆመ።»

አናጢው ሳጥኑን ሽቅብ ቁልቁል አየውና እርሳሱን ከጆሮው ላይ መዘዘ። «ስንት ረድፍ ላድርግልሽ?»