ባለቤት ያለው ማስታወቂያ

ሕዝቅኤል ጅሩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የደቡብ ኦሞን ኮምፒውተሮች ሲጠግን ኖሮ፣ የቀጠረው ፕሮጀክት አንድ ቀን ሻይ ጋብዞ አሰናበተው። ይኸው ሰባት ወር ሆነው። እስከ ሰኔ መጨረሻ ሥራ ካላገኘ ገዘር ከተማ ወጥቶ በአማቱ ሱቅ ስኳር ሊመዝን ከሚስቱ ከሰገነት ጋር ተስማምቷል። መስማማት ከተባለ። የተናገረችው እሷ ናት፤ እሱ ራሱን ነቀነቀ።

ከስኳሩ ለማምለጥ ያልሞከረው የለም። በኢንተርኔት የሚያስተምሩ የሥራ ፍለጋ ሊቃውንት «ልምድ ያለው ባለሙያ ከሰው ይተዋወቅ» ሲሉ ሰማና፣ ጂንካ ውስጥ ሰው የሚበዛበትን ቦታ አስቦ ለቅሶ ቤት ማዘውተር ጀመረ። በሰባት ወር አሥራ አንድ ድንኳን ተቀምጧል። የማያውቃቸውን ሰዎች አልቅሶ ቀብሯል፤ የቀጠረው ግን የለም። «ሲቪህን አሳጥር» ሲሉት አሳጠረ፤ «አስረዝም» ሲሉት አስረዘመ።

ከማንም ሊቅ ያልተማረው አንድ ችሎታ ግን ነበረው። ማስታወቂያ አይቶ ለማን እንደወጣ ያውቃል። እንደሱ አባባል ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ሥራ ሁሉ ባለቤት አለው። ሰውየው አስቀድሞ ይመረጣል፣ መስፈርቱ በልኩ ይሰፋል፣ ደንቡ ሦስት ተወዳዳሪ ስለሚል ሁለት የዋህ ለማሟያ ይጠራል። ሕዝቅኤል ስድስት ጊዜ ማሟያ ሆኗል። በስድስተኛው ላይ ፈታኞቹ «ዛሬም መጣህ?» ብለው ሳቁበት።

በግንቦት መጀመሪያ፣ ስሙን መጥራት የማያስፈልግ አንድ የዞን መሥሪያ ቤት የኔትወርክ ባለሙያ ፈለገ። ሕዝቅኤል ማስታወቂያውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ ኸዲጃ ፎቶ ኮፒ ቤት ሮጠ።

«ስሚ እስቲ! አሥራ ዘጠኝ ዓመት ልምድ። ከዚያ ውስጥ አራቱ ሃና ከተማ። የሞተር ሳይክል መንጃ ፈቃድ። በሐመርኛ መግባባት። ሶላር መጠገን። ይሄ ማስታወቂያ ነው ወይስ ልብስ ሰፊ የወሰደው ልክ?»

«ታዲያ አንተ አታሟላም እንዴ፣ ጋሽ ሕዝቅኤል?»

«ማሟላትማ አሟላለሁ። የማያሟላ ሰውማ ለማሟያ መች ይጠራል!»

«ለማን ወጣ ብለህ ነው?»

«ለደገፋ ነዋ!»

ደገፋ የሰው ሀብት ኃላፊዋ የወይዘሮ አስቻለች የአክስት ልጅ ነው፤ እዚያው ቢሮ ደብዳቤ ይተይባል። ማስታወቂያው በተለጠፈበት ሳምንት ክራባት ማሰር ጀምሯል። በጂንካ ጭቃ፣ ክራባት!

«ክራባቱን እንኳ ሽማግሌ ሊልክ ስለሆነ ነው ይላሉ» አለች ኸዲጃ። «ደግሞስ ልጁ ገና ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በሰባት ዓመቱ ነው ሥራ የጀመረው?»

«የልምድ ወረቀት ይጻፍለታላ። አይ አንቺ የዋህ!»

ቤት ሲገባ ሰገነት ወሬ ይዛ ጠበቀችው። ገበያ ላይ አስቻለችን አግኝታት ነበር። አስቻለች ስለ ልጆቹ ጠየቀች፣ ስለ ጤናው ጠየቀች፣ በመጨረሻም መንጃ ፈቃዱን አሳድሶ እንደሆነ ጠየቀች።

«ባልሽ እንዲያመለክት፣ እንዳይቀር ብላኛለች» አለችው።

«ሦስተኛ ሰው ጎድሏታላ! የመንጃ ፈቃዱ ነገር ደግሞ ሞተሬን ለደገፋ ልትገዛው ፈልጋ ነው። በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ!»

«አንተስ ሰው ደግ ሲሆንብህ ያምሃል።»

ሰገነት በላዩ ላይ ቆማ ማመልከቻውን አስጻፈችው። እሱም አስገባ። ልቡ ግን ተቃጠለ። ሃና አራት ዓመት የተቀመጠው፣ በክረምት ሞተሩን በጭቃ ሲገፋ የኖረው፣ ሐመርኛውን ዲመካ ገበያ ላይ እየተሳቀበት የለመደው፣ ለማንም ክራባት ለባሽ ማጀቢያ ሊሆን ነው? ንዴቱ እንቅልፍ ነሳው።

ከንዴቱ መካከል ማንም ሊቅ ያላስተማረው የመጨረሻ ስልት ተወለደ። ማስታወቂያው ቢሰረዝና በንጹሕ ውድድር እንደገና ቢወጣ፣ እሱን የሚያሸንፍ በዞኑ የለም። ሁለት ገጽ ጥቆማ ጻፈ። መስፈርቶቹን አንድ በአንድ ዘርዝሮ «ይህ ሁሉ በአጋጣሚ በአንድ ሰው ላይ አይገጣጠምም፤ የታሰበ ሰው አለ» ብሎ ደመደመ። የራሱን ስም አልጻፈም። የደገፋንም አልጻፈ፤ አጣሪዎቹ ራሳቸው ይድረሱበት ብሎ ተወላቸው። ኸዲጃ ጋ አትሞ፣ ፖስታውን አሽጎ፣ የጥቆማ ሣጥኑ ውስጥ ከተተው።

ጥቆማ ሰሚ አገኘ። ሦስት አጣሪዎች ተመድበው የአመልካቾችን ፋይል ሲያገላብጡ ሰነበቱ። ሕዝቅኤል በዚያ ሰሞን አስቻለችን መንገድ ላይ ቢያገኛት፣ ትክ ብላ አየችውና ሰላም ሳትለው አለፈች።

«ገባት!» አለ ለኸዲጃ። «ወንዱ ሕዝቅኤል!»

በሰኔ ሃያ ውሳኔው ተለጠፈ። ሕዝቅኤል ሱፉን አስተኩሶ፣ ኸዲጃን ምስክር ይዞ ሄደ። ሰሌዳው ፊት ሕዝብ ተሰብስቧል። ጉሮሮውን ጠራረገና ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ፦

«በደረሰን ጥቆማ መሠረት በተደረገው ማጣራት፣ ማስታወቂያው ከአቶ ሕዝቅኤል ጅሩ በስተቀር ማንም እንዳያሟላው ሆን ተብሎ የተዘጋጀ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ቅጥሩ ተሰርዞ የሥራ መደቡ ታጥፏል፤ ስማቸውን ላልገለጹት ጠቋሚ ምስጋናችን የላቀ ነው።»